ከወኅኒ ይልቅ ሕክምና፤ ጥቅሙን በምን እንመዝነው?



በዚህ እትም ትምህርታዊ አምዳችን የምናቀርበው ርዕስ በየቤቱና በየሻይ ቤቱ ሲያነጋግር የኖረ ጉዳይ ነው። በዕፅ ሱስ ተይዞ ሕግ የተላለፈ፣ ነገር ግን በሰው ላይ እጁን ያላነሣ ሰው ወኅኒ ይግባ ወይስ ይታከም? አንዱ ወገን «ቅጣት ያልቀመሰ አይታረምም» ይላል። ሌላው ደግሞ «በሽተኛን ማሰር ምን ይጠቅማል?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚያውቁትን አንድ ሰው በምስክርነት ይጠራሉ፤ አንዱ ታስሮ የተመለሰውን፣ ሌላው ታክሞ የዳነውን። ክርክሩ ግን በአንድ ሰው ምሳሌ አይቋጭም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ይህ ጥያቄ ከ30 ዓመታት በላይ በተግባር ወደ ተሞከረበትና ውጤቱም በቁጥር ወደ ተመዘነበት አገር፣ ወደ አሜሪካ፣ እንሻገራለን። አሜሪካን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ስለዚህ ጉዳይ እንደዚያ አገር ብዙ ጥናት የተደረገበት ቦታ ስለሌለ ነው። ሁለተኛው፣ ብዙዎቻችን በዚያ አገር ልጅ፣ ወንድም ወይም እኅት ስላለን ነው። በዚያ ለሚኖር የውጭ ዜጋ ይህ ጉዳይ ከአገር እስከ መባረር ሊያደርስ ስለሚችል፣ ወደ ትምህርቱ ማብቂያ ላይ እንመለስበታለን።

ይህን ትምህርት ያጠናቀቀ አንባቢ፦

ሀ) «የዕፅ ችሎት» የሚባለው ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ፣
ለ) አንድ የሕክምና ፕሮግራም ሠራ ወይም አልሠራም ከማለት በፊት ምን መጠየቅ እንደሚገባ፣
ሐ) የውጭ ዜጋ የሆነ ሰው ሕክምናን ከመቀበሉ በፊት ምን ማወቅ እንዳለበት

ለሌላ ሰው ማስረዳት ይችላል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ነገሩ ከምን ተነሣ?

በ1980ዎቹ ዓመታት «ክራክ» የሚባለው፣ ከኮኬይን ተሠርቶ የሚጨስ ዕፅ በአሜሪካ ከተሞች ተስፋፋ። በትንሽ ገንዘብ ስለሚገኝና በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሱስ ስለሚያስይዝ ብዙ ቤት አፈረሰ። መንግሥትም ሕጉን አጠበቀ፤ የሚያዘውም የሚታሰረውም ሰው እጅግ በዛ። ወኅኒ ቤቶች ከአቅም በላይ ሞሉ፤ ፍርድ ቤቶችም በመዝገብ ተጨናነቁ።

በፍሎሪዳ ግዛት በማያሚ ከተማ የነበሩ ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ አንድ ነገር አስተዋሉ። በዕፅ ተይዞ የታሰረው ሰው ጊዜውን ጨርሶ ይወጣል፤ ሱሱ ግን አብሮት ይወጣል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ያው ሰው በያው ክስ ተመልሶ ይቀርባል። ስለዚህ በ1989 ዓ.ም. ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የሚቀመጥ የመጀመሪያው የዕፅ ችሎት በማያሚ ተከፈተ። በዚያን ጊዜ የአካባቢው ዋና ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ጃኔት ሪኖ ሐሳቡን ከደገፉት መካከል ነበሩ፤ እኒሁ ሴት በ1993 ዓ.ም. የአገሪቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነዋል።

በ1994 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣው የወንጀል ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት እንዲህ ያሉትን ችሎቶች በገንዘብ እንዲረዳ ተፈቀደ። ሆኖም ገንዘቡ በሰው ላይ የኃይል ድርጊት ለፈጸሙ ሰዎች እንዳይውል ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ ችሎቶቹ በመላው አገር ተስፋፍተው በሺህ የሚቆጠሩ ሆነዋል።

2. የዕፅ ችሎት እንዴት ይሠራል?

በተለመደው ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግና ጠበቃ ይከራከራሉ፤ ዳኛውም ይፈርዳል፤ ጉዳዩም በዚያው ያልቃል። በዕፅ ችሎት ግን ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ጠበቃውና የሕክምና ባለሙያው ስለ አንዱ ተከሳሽ በአንድነት ይመክራሉ። አሠራሩም በአጭሩ የሚከተለው ነው።

— ተከሳሹ በፈቃዱ ወደ ፕሮግራሙ ይገባል። ካልፈለገ ጉዳዩ በተለመደው መንገድ ይቀጥላል።
— ሕክምና ይጀምራል፤ ይህም የምክር አገልግሎትን፣ የቡድን ውይይትን፣ እንደ ሁኔታውም መድኃኒትን ይጨምራል።
— ሳያስበው በሚጠራበት ቀን የሽንት ምርመራ ያደርጋል።
— በመጀመሪያዎቹ ወራት በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ በዳኛው ፊት ቀርቦ ስለ ራሱ ይናገራል። ከበረታ ይመሰገናል፤ መቅረቢያውም እየራቀ ይሄዳል።
— ከሰነፈ በመጀመሪያ ይገሠጻል፤ ቀጥሎ ለጥቂት ቀናት ሊታሰር ይችላል፤ በመጨረሻም ከፕሮግራሙ ተሰርዞ በቀድሞው ክስ ይፈረድበታል።
— አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ከጨረሰ ክሱ ይነሣለታል ወይም ቅጣቱ ይቀልለታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። የዕፅ ሱስ እንደ ስኳር በሽታና እንደ ደም ብዛት ለረጅም ጊዜ የሚቆይ፣ ሲሻል ቆይቶ ሊያገረሽ የሚችል ሕመም ነው። ስለዚህ ጥሩ ችሎት ታካሚው አንድ ቀን ስለ ተሳሳተ ብቻ አያባርረውም።

3. የመጀመሪያው ጥያቄ፤ «ከማን ጋር ሲነጻጸር?»

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደርሰናል። የፕሮግራሙ ኃላፊ ተነሥቶ «ከእኛ ዘንድ ከጨረሱት ሰዎች መካከል እንደገና የተያዙት ከመቶ 20 ብቻ ናቸው» ቢል ደስ ያሰኛል። ይህ ግን ምን ያህል እውነት ይነግረናል?

በሁላችንም ዘንድ የታወቀውን የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና እናስብ። መድኃኒቱ ለብዙ ወራት ይወሰዳል። የጤና ጣቢያው መዝገብ የሚይዘው የጀመሩትን ሁሉ ነው፤ ማን ዳነ፣ ማን አቋረጠ፣ ማን ሞተ፣ ማን ጠፋ እያለ ይቆጥራል። የጨረሱትን ብቻ ቢቆጥር ኖሮ ሁሉም ሕክምና የተሳካ ይመስል ነበር፤ ያቋረጡት ከዓይን ይሰወራሉና።

ይህንኑ በቁጥር እናሳየው። የሚከተሉት ቁጥሮች ለማስረጃ ሳይሆን ለማስተማር ብቻ እኛ ያዘጋጀናቸው ናቸው።

መቶ ሰዎች ወደ ሕክምና ገቡ እንበል። 40ዎቹ ጨረሱ፤ 60ዎቹ አቋረጡ። ከጨረሱት 40 ሰዎች 8ቱ እንደገና ተያዙ፤ ይህ ከመቶ 20 ነው። ካቋረጡት 60 ሰዎች ግን 42ቱ እንደገና ተያዙ። በጠቅላላው ከመቶው ሰው 50ው ተይዟል ማለት ነው። በሌላ በኩል ተመሳሳይ መቶ ሰዎች ወኅኒ ገብተው ከወጡ በኋላ 60ዎቹ እንደገና ተያዙ እንበል።

ኃላፊው «20 ከ60 ጋር» ብሎ ቢያወዳድር ሕክምናው ተአምር ይመስላል። ትክክለኛው ማነጻጸሪያ ግን «50 ከ60 ጋር» ነው። ልዩነቱ አነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ከመቶ ሰው አሥሩ ከዳግም መያዝ ድኗል። አሥር ሰው ማለት አሥር ቤተሰብ ነው። ነገር ግን አሥሩን አርባ ብሎ መናገር ሕዝብን ማታለል ነው፤ በኋላም ተስፋ የተደረገው ሳይሆን ሲቀር ጥሩው ፕሮግራም ጭምር ይዘጋል።

ሁለተኛም አለ። ዳኛው ወደ ሕክምና የሚልከው ቤተሰብ ያለውን፣ ሥራ ያለውን፣ ፊቱ የሚያሳምነውን ሰው ቢሆንና የቀረውን ወደ ወኅኒ ቢልክስ? እንዲህ ከሆነ ሕክምና ያገኙት ቀድሞውንም ቢሆን የተሻለ ዕድል የነበራቸው ናቸው። ልዩነቱ ከሕክምናው ይምጣ ከሰዎቹ ማወቅ አይቻልም።

4. በባልቲሞር የተደረገው ዕጣ

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ ዕጣ ነው። በሜሪላንድ ግዛት በባልቲሞር ከተማ አጥኚዎች ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ለዕፅ ችሎት ብቁ ሆነው የተገኙ 235 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ አንዱ ክፍል ወደ ዕፅ ችሎት ገባ፤ ሌላው በተለመደው አሠራር ቀጠለ። በዕጣ ሲከፈል ብርቱውም ደካማውም፣ ባለ ቤተሰቡም ብቸኛውም በሁለቱም ወገን ይገኛል። ስለዚህ በኋላ የሚታየው ልዩነት ከፕሮግራሙ እንደመጣ ለመናገር ይቻላል።

በ2003 ዓ.ም. በታተመው ውጤት መሠረት በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ በዕፅ ችሎት ከነበሩት መካከል ከመቶ 66ቱ እንደገና ተይዘዋል። በተለመደው አሠራር ከቀጠሉት ግን ከመቶ 81ዱ ተይዘዋል። የተቆጠሩትም የገቡት ሁሉ ናቸው እንጂ የጨረሱት ብቻ አይደሉም።

ይህን ውጤት እንዴት እናንብበው? ተጠራጣሪው «ከሦስቱ ሁለቱ እንደገና ከተያዙ ምን ተጠቀሙ?» ሊል ይችላል። ደጋፊው ደግሞ «ከመቶው 15 ሰው ተርፏል» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ከባድ ሱስ ባለበት ከተማ ፍጹም ፈውስ አልተገኘም፤ ከሌላው መንገድ ግን ይህኛው በግልጽ ተሽሏል።

5. በካሊፎርኒያ የታየው

በኅዳር 2000 ዓ.ም. የካሊፎርኒያ ግዛት ሕዝብ «ውሳኔ ሐሳብ 36» በተባለው ሕግ ላይ ድምፅ ሰጠ። ከመቶ 61 የሚሆነው ድምፅ ሰጪ ደገፈውና ከሐምሌ 2001 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ ዕፅ ለራሱ ይዞ የተገኘ፣ የኃይል ድርጊት ያልፈጸመ ሰው በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጊዜ ከእስር ይልቅ ሕክምና እንዲያገኝ ያዝዝ ነበር። ለዚህም በዓመት 120 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። የሚያስመሰግነው ነገር ሕጉ ራሱ ውጤቱ በዩኒቨርሲቲ እንዲመዘን ማዘዙ ነው፤ ምዘናውንም በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አካሄደ።

ምዘናው ያሳየው ይህን ነው። ወደ ሕክምና ከተላኩት ከመቶ 70 የሚሆኑት በእርግጥ ገቡ፤ 30ዎቹ መንገድ ላይ ቀሩ። ከገቡት ውስጥ የጨረሱት አንድ ሦስተኛ ያህል ናቸው። ስለዚህ ከተላኩት መቶ ሰዎች እስከ መጨረሻ የደረሱት 24 ያህል ብቻ ናቸው ማለት ነው።

ገንዘቡስ? በ2006 ዓ.ም. በወጣው ስሌት ለፕሮግራሙ ከወጣው ከእያንዳንዱ አንድ ዶላር ለመንግሥት 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ያህል ተርፏል፤ ዋናው ምክንያትም የወኅኒ ወጪ መቀነሱ ነው። የጨረሱት ብቻ ሲቆጠሩ ደግሞ ትርፉ 4 ዶላር ያህል ሆነ። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ያስተውሉ፤ አንድ ፕሮግራም ሁለት ቁጥር አለው። አራቱን ይዞ የሚከራከር ሰው ሲያጋጥመን «ይህ የስንቶቹ ነው?» ብለን መጠየቅ አለብን።

6. የብዙ ጥናቶች ድምር

አንድ ከተማ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ አጥኚዎች ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው መርምረዋል። በ2012 ዓ.ም. በታተመ አንድ ሥራ 154 ጥናቶች ተመርምረው የተገኘው ውጤት፣ በአዋቂዎች የዕፅ ችሎት ዳግም ጥፋት ከመቶ 50 ወደ 38 ያህል እንደሚወርድ ያሳያል። በአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር የምርምር ተቋም ድጋፍ በ23 የዕፅ ችሎቶች የተደረገው ሌላው ጥናትም ከዚህ ጋር ይስማማል። ወደ ጥናቱ ከገቡ ከ18 ወር በኋላ ሲጠየቁ፣ ባለፈው አንድ ዓመት ወንጀል እንደፈጸሙ የተናገሩት ከዕፅ ችሎቶቹ ሰዎች ከመቶ 40፣ ከማነጻጸሪያዎቹ ግን ከመቶ 53 ነበሩ። ዕፅ እንደወሰዱ የተናገሩትም 56 ከ76 ጋር ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ ሕክምናው በአማካይ ይጠቅማል፤ ጥቅሙም መካከለኛ ነው። «ሁሉን ያድናል» የሚለውም፣ «ከንቱ ነው» የሚለውም ከማስረጃው ርቋል።

7. ሌላው የሚዛን ጎን

ሚዛን ሁለት ጎን አለው። ስለዚህ የፕሮግራሙን ጉድለት መሸፈን አይገባም።

ሀ) ያልቻለው ሰው ምን ይደርስበታል? በአንዳንድ ቦታ ከዕፅ ችሎት የተባረረ ሰው መጀመሪያውኑ እስራትን መርጦ ቢሆን ኖሮ ከሚያገኘው የበለጠ ቅጣት ይፈረድበታል። በ2013 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳሳየው የዕፅ ችሎት ወደ ወኅኒ የሚገባውን ሰው ቁጥር ቢቀንስም በወኅኒ የሚቆጠረውን ጠቅላላ ጊዜ ግን በአማካይ አልቀነሰም። ምክንያቱም ያልተሳካላቸው ረጅም ጊዜ ስለሚታሰሩ ነው።

ለ) ሕክምናው እውነተኛ ሕክምና ነው ወይ? ለሄሮይን ሱስ ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የሚባሉ መድኃኒቶች ሕይወት እንደሚያድኑ በብዙ ጥናት ተረጋግጧል። ሆኖም ብዙ ዳኞች «ዕፅን በዕፅ መተካት ነው» ብለው ይከለክሉ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የፌዴራሉ መንግሥት ከእርሱ ገንዘብ የሚቀበል የዕፅ ችሎት እነዚህን መድኃኒቶች እንዳይከለክል አዘዘ። መድኃኒት የሚመርጠው ሐኪም እንጂ ዳኛ አይደለምና።

ሐ) መቀጫው ከተነሣ ሕክምናው ተዘጋጅቷል ወይ? በኦሬገን ግዛት በ2020 ዓ.ም. በሕዝብ ድምፅ በጸደቀው ሕግ ጥቂት ዕፅ ይዞ የተገኘ ሰው መቶ ዶላር እንዲቀጣ፣ ወይም ስልክ ደውሎ ስለ ጤናው ቢመረመር ቅጣቱ እንዲቀርለት ተደረገ። የደወሉት ጥቂት ነበሩ፤ ለሕክምናው የታሰበው ገንዘብም ዘግይቶ ደረሰ። በዚያው ወቅት ፌንታኒል የተባለው ገዳይ ዕፅ ወደ ግዛቱ ስለገባ ጉዳቱን ያመጣው ሕጉ ይሁን ዕፁ ለመለየት አጥኚዎች ተከራከሩ። ከመስከረም 2024 ዓ.ም. ጀምሮ ዕፅ መያዝ እንደገና ወንጀል ሆነ። «ከማን ጋር ሲነጻጸር?» የሚለው ጥያቄ እዚህም ይመለሳል።

መ) እስራቱስ ራሱ ምን ያደርሳል? በዋሽንግተን ግዛት ከወኅኒ የወጡ ከ30,000 በላይ ሰዎች የተከታተለ፣ በ2007 ዓ.ም. የታተመ ጥናት አለ። በወጡባቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመሞት አደጋቸው ከሌላው ነዋሪ በ12 እጥፍ ይበልጥ ነበር፤ ዋናው ምክንያትም ዕፅ ከመጠን በላይ መውሰድ ነው። በእስር ላይ ሳለ ሰውነት ዕፁን የመቋቋም ልምዱን ያጣል፤ ሰውየው ግን ሲወጣ የቀድሞውን መጠን ይወስዳል። ስለዚህ እስራት ወጪ የሌለው፣ አደጋም የሌለበት መንገድ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው።

8. የውጭ ዜጋ የሆነ ሰው ሊያውቀው የሚገባ

ይህን ክፍል በአሜሪካ ዘመድ ያለው አንባቢ ሁሉ በጥሞና ቢያነበውና በደብዳቤም ሆነ በስልክ ቢያስተላልፈው እንወዳለን።

በመጀመሪያ ስለ ጫት። ጫት በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በጅቡቲ በግልጽ ይሸጣል። በአሜሪካ ግን በትኩሱ ቅጠል ውስጥ የሚገኘው «ካቲኖን» የሚባለው ንጥረ ነገር ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ፣ በጥብቅ በተከለከሉት ዕፆች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። በእንግሊዝም ጫት ከሰኔ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል። «በአገሬ የተፈቀደ ነው» ማለት በዚያ ፍርድ ቤት መከላከያ አይሆንም።

ቀጥሎ ስለ እምነት ቃል። የዕፅ ችሎቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። በአንደኛው ዓይነት ተከሳሹ ጥፋተኛ ነኝ ሳይል ክሱ ታግዶለት ይታከማል። በሁለተኛው ግን በመጀመሪያ «ጥፋተኛ ነኝ» ብሎ ያምናል፤ ከዚያም ይታከማል፤ ሲጨርስም ፍርድ ቤቱ ጥፋቱን ይሰርዝለታል። ለአሜሪካ ዜጋ የሁለቱ ልዩነት ጥቂት ነው። ለውጭ ዜጋ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ምክንያቱም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት አንድ ሰው ጥፋቱን ካመነና ዳኛው ማናቸውንም ዓይነት ቅጣት ወይም ገደብ ከጣለበት፣ ፍርድ ቤቱ በኋላ ቢሰርዝለትም እንኳ፣ ለኢሚግሬሽን ጉዳይ እንደ ጥፋተኛ ሊቆጠር ይችላል። በዕፅ ጥፋተኛ የተባለ የውጭ ዜጋ ደግሞ ግሪን ካርድ ቢኖረውም ከአገር ሊባረር ይችላል። ከዚህ ነፃ የሚሆነው ከ30 ግራም ያልበለጠ ማሪዋና ለራሱ ይዞ አንድ ጊዜ ብቻ የተገኘ ሰው ነው። ከዚህም ሌላ በዕፅ ሱሰኝነት መገኘት ብቻውን ለመባረር ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ሕጉ ይናገራል። ስለዚህ ሰውየው ታክሞ፣ ድኖ፣ በዳኛው ፊት ተጨብጭቦለት ከወጣ በኋላ እንኳ ከልጆቹ ተለይቶ ወደ ሸሸበት አገር የመመለስ አደጋ ሊገጥመው ይችላል።

መልካሙ ነገር፣ በ2010 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ የወንጀል ጠበቃ የውጭ ዜጋ ለሆነው ደንበኛው ጥፋቱን ማመኑ ለመባረር ሊያደርሰው እንደሚችል የመንገር ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። ካሊፎርኒያም ከጥር 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ለቀላል የዕፅ ክስ የሚሰጠውን ሕክምና ተከሳሹ ጥፋተኛ ነኝ ሳይል እንዲያገኝ ሕጉን አሻሽላለች። ይህ መሻሻል በተለይ ለስደተኞች ሲባል የተደረገ ነው።

ስለዚህ የተከሰሰ ዘመድ ካለን የምንነግረው ይህ ነው፤ ሕክምናውን ይፈልገው፤ ነገር ግን ከመፈረሙ በፊት ጠበቃውን «ይህ ወረቀት የእምነት ቃል አለበት ወይ? በመኖሪያ ፈቃዴ ላይ ምን ያደርስብኛል?» ብሎ ይጠይቅ። የሚፈርመው የማይገባው ከሆነም አስተርጓሚ ይጠይቅ። ጠበቃው የኢሚግሬሽን ሕግ የማያውቅ ከሆነ የሚያውቅ እንዲያማክር ይጠይቀው።

9. ማጠቃለያ

ከእስር ይልቅ ሕክምና መስጠት በአሜሪካ በተሞከረባቸው በብዙ ቦታዎች ከእስራት የተሻለ ውጤት አሳይቷል። ሆኖም ጥቅሙ የሚታመነው በትክክል ሲመዘን ነው። ማንኛውም ፕሮግራም፣ በከተማ ይሁን በስደተኞች ሠፈር፣ ሲቀርብልን የሚከተሉትን አምስት ጥያቄዎች እንጠይቅ፦

አንድ፤ የተቆጠሩት የገቡት ሁሉ ናቸው ወይስ የጨረሱት ብቻ?
ሁለት፤ የተነጻጸሩት ከማን ጋር ነው? ሁለቱ ወገኖች ይመሳሰላሉ ወይ?
ሦስት፤ ለምን ያህል ጊዜ ተከታተሏቸው? ሦስት ወር ወይስ ሁለት ዓመት?
አራት፤ ያልተሳካለት ሰው ምን ደረሰበት?
አምስት፤ ተሳታፊው ለመግባት ምን ፈረመ? ምንስ አጣ?

በእኛም ሠፈር በመጠጥ ወይም በጫት ምክንያት ሥራውንና ትምህርቱን የተወ ወጣት ሲያጋጥም፣ ሽማግሌዎችና ወላጆች ሲመክሩ፣ ከቁጣና ከርኅራኄ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ቢያስቀድሙ ይጠቅማል። ከሁሉም ይልቅ ነገሩ «ሳይቃጠል በቅጠል» ቢሆን ይሻላል፤ በጊዜ የተደረገ ምክርና በጊዜ የተጀመረ ሕክምና ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ያስቀራልና።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአንድ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል 50 ተማሪዎች ተመዘገቡ። ለፈተና የተቀመጡት 20 ናቸው፤ ከእነርሱም 18ቱ አለፉ። አስተማሪው «ከመቶ 90 አልፈዋል» አለ። ትክክል ነው? እናንተ እንዴት ትቆጥሩታላችሁ?
2. በባልቲሞር በዕጣ ባይከፈሉ ኖሮ ውጤቱን ለማመን ለምን ያስቸግር ነበር?
3. ሕክምና ጀምሮ ያቋረጠን ሰው ካልጀመረው ይልቅ አብዝቶ መቅጣት ተገቢ ነው? የሚደግፍና የሚቃወም ሁለት ወገን አቁማችሁ ተከራከሩበት።
4. «ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ፈርም፤ ከታከምህ በኋላ ይሰረዝልሃል» የተባለ ዘመድ ምክር ቢጠይቃችሁ ምን ትሉታላችሁ?

ትምህርቱን በቡድን ሆናችሁ ብታነቡት፣ ማንበብ ለማይችሉ አባቶችና እናቶችም ብታነቡላቸው ደስ ይለናል።